ሁለት ጊዜ የዞሩት መስመሮች

ቪብከ መምህሯ ፕሮፌሰር ሃርትኮፍ ሲቀበሩ አላለቀሰችም፤ ከዚያ ወዲህም ልቧ እንደደነዘዘ ነው። ዛሬ ከሰዓት በጀርመኗ ቦን ከተማ በሚደረገው የመታሰቢያ ጉባኤ እሷና እሳቸው አብረው የሠሩትን የመጨረሻ ሥራ ታቀርባለች። የአንዲት ጋላክሲ መግነጢሳዊ መስክ እንደ ሌሎቹ በዝርግ አካሏ ላይ ተጋድሞ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ኮከብ የሚሠራበትን ጋዝ ወደ ውጭ እየሸኘ እንዳታድግ አድርጓታል የሚል ነው።

ጠዋት የቢሮ ጓደኛዋ ቲሎ የመስኩን መስመሮች የሚያሳየውን ምስል እያየ አሾፈ።

«ይቺ ጋላክሲ ፀጉሯ ቆሟል እኮ! ማን አስደነገጣት? ዘጠና ዲግሪ ማዞሩን ረስተሽ እንዳይሆን።»

«ምን ነካህ? እሱን ማን ይረሳል?»

በዚህ ሙያ ሰው ሁሉ የሚፈራው መርሳትን ነው። ቴሌስኮፑ የሚይዘው የሬዲዮ ሞገዱ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ ነው፤ መስኩ ደግሞ ያንን አቋርጦ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ መስመር ሩብ ዙር መዞር አለበት። ሁለቴ ማዞርን ግን የሚፈራ የለም። ቪብከ ለማንኛውም ብላ የሟቹን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍታ አየች። እሳቸው መስመሮቹን አስቀድመው አዙረዋቸዋል። እሷም በላዩ ደግማ አዙራቸዋለች። ስለዚህ መስኩ በእውነቱ እንደ ማንኛውም ጋላክሲ መስክ የተጋደመ ነው።

መደንገጥ ነበረባት፤ እሱም አልመጣላትም። ፕሮፌሰሩ ከመሞታቸው በፊት ያንን ምስል ሆስፒታል ወስዳ ስታሳያቸው እንዴት ፈገግ እንዳሉ ብቻ ትዝ አላት።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢርምትራውድ ሃርትኮፍን አዳራሹ በር ላይ አገኘቻቸው።

«ወይዘሮ ሃርትኮፍ፣ ያን ጊዜ ያሳየኋቸው ምስል ስህተት ነው። እሳቸው ያዞሩትን እኔ ደግሜ አዙሬዋለሁ።»



«እኛም ሾርባው ላይ ሁለታችንም ሳንነጋገር ጨው እየጨመርን ስንት ዘመን በልተናል» አሉ አሮጊቷ። «ምስሉን ያሳየሽው ቀን ምሳውን ጨርሶ በላ፣ ታውቂያለሽ? ድንቹን ሁሉ።»

«ለሰዎቹ እውነቱን ልናገር ነው።»

«ትናገሪያለሽ እንጂ! ዝም ብትዪ ከመቃብር ተነስቶ ይጮህብሻል።»

ተናገረች። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ቲሎ አንገቱን ደፋ። እሷ የሌላ ሰው ጥፋት የምታወራ ያህል ድምጿ እንኳ አልተሰበረም። ጉባኤው ሲያበቃ የተስተካከለውን ምስል ለወይዘሮዋ ዘረጋችላቸው፤ አልተቀበሏትም።

«የተሳሳተውን ስጪኝ፣ ልጄ። እሱ ያየው ያንን ነው።»

ቢሮዋ ተመልሳ አተመችው። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ይሞቅ ነበር። እየጠቀለለችው ሳለ እንባዋ መጣ።