ዳርያ የተሸነፈችባቸው ዓመታት

ባለቤቴ ዳርያ ለካናዳዋ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ምክር ቤት አምስት ጊዜ ተወዳድራ አራቱን ተሸንፋለች። በአራቱም መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።

የጀመረችው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1952 ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት በበረዶው ወራት ምጥ ያዛትና የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለው ሆስፒታል ስንገሰግስ መንገዱ ተዘጋብን። ልጃችን መኪና ውስጥ ተወልዶ እዚያው ሞተ። ዳርያ ብዙ አላለቀሰችም። በረዶው ሲቀልጥ፣ ከተማችን ሐኪም ቤት እስኪኖራት አላርፍም አለችና ለምርጫ ተመዘገበች።

ምርጫ በመጣ ቁጥር በከተማችን የእህል ጎተራ በር ላይ ወንዶቹ ይጠብቋታል። ከሁሉም ተረበኛው ኦሬስት ነበር።

«ዳርያ፣ ዘንድሮም ልትሸነፊ መጣሽ?»

«መጣሁ። አንተስ፣ ዘንድሮም ሳትመርጠኝ ልትቀር ነው?»

ይስቃሉ። እኔ መሪውን ይዤ እጠብቃታለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኝ ነበር። ድንች በሊጥ የተጠቀለለበትን ፒሮጊ አብረን እየበላን እንኳ ሐሳቧ ሌላ መንደር ነው። ሳንጋባ በፊት በስንዴው ማሳ ዳር እየዘፈነች ታልፍ የነበረችው ልጅ ትናፍቀኛለች፤ እዚያው ፊቴ ተቀምጣ ትናፍቀኛለች። ስለዚህ በአራተኛው ምርጫ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁና ወረቀቱን ምንም ሳልጽፍበት ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት።

በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፈች።

ሦስት ሳምንት ደበቅኳት። በመጨረሻ ላሞቹን እያለብን ሳለ ነገርኳት። እጇ ቆመ። ላሟ ዞር ብላ አየቻት።

«አንዱ አንተ ነህ እንበል» አለችኝ፤ «የቀሩትን አሥሩን ምን አድርጌያቸው ነው?»

ባልዲዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «የምትፈልገው እኔን ነው ወይስ ቤት የምትቀመጥልህን ሴት?» አለች።

«አንቺን።»

«እንግዲያው ዳግመኛ መኪና ውስጥ ሆነህ አትጠብቀኝ። አብረኸኝ በር አንኳኳ።»

በ1967 አንኳኳሁ። ንግግር አላውቅም፤ ስለዚህ በየቤቱ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን የልጃችንን ታሪክ ነገርኩ። ዳርያ ከጎኔ ቆማ ትሰማለች። ኦሬስት ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ አዳመጠን። በዚያ ዓመት የሚተርብ አልነበረም። በሁለት መቶ ስድስት ድምፅ አሸነፈች።

ሐኪም ቤቱን ለማስፈቀድ ሦስት ዓመት ፈጀባት። ትንሽ ነው፤ ሁለት አዋላጆች አሉት። እሷ ግን ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር ዋና ከተማው ሬጂና ትሰነብታለች፤ እኔ ከላሞቹ ጋር እቀራለሁ። ቅር አይለኝም ብል ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት ሳላስበው ሁለት ሲኒ አወጣለሁ።

እሑድ ደወለች። በረዶው መቅለጡን፣ የዱር ዝይዎቹ መመለሳቸውን፣ ቀይዋ ላም መውለዷን ነገርኳት።

«ሌላስ?» አለች።

ሌላ ወሬ አልነበረኝም። በዚህ ዕድሜዬ አፍሬ ግድግዳውን እያየሁ፣ «ናፍቀሽኛል» አልኳት።

«እንደገና በለው» አለችኝ።