ጋሽ ሪሌ ለልጁ የገጠመው ክላክስ

ጋሽ ሪሌን በዚህ ቅጽል ስም የጠሩት ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው፤ ጥፋቱ ግን የገዛ አፉ ነው። የሞተር ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣውን ክላክስ ንቆ የመኪና ክላክስ ሊያስገጥም የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስብከቱን ሳይጠግብ አይሄድም ነበር። «ስማኝ ወንድሜ፣ ትልቅ ክላክስ ሆዳም ነው። በድሮው ቀጭን ሽቦ ላይ ከቀጠልከው የጎረቤቱን ቀለብ ይበላል። ሪሌ ያስፈልገዋል፣ ሪሌ!» ሪሌ የሚላት የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ነች። ክላክሱ ኃይሉን ከባትሪው በራሱ ወፍራም መስመር እንዲወስድና ሌላውን መብራት እንዳይነካ የምታደርገው እሷ ናት። ያለ ሪሌ ክላክስ የሚገጥም ባለሙያ ካጋጠመው ደግሞ አፉን ሞልቶ «ነፍሰ ገዳይ» ይለው ነበር፤ ያውም ደንበኛ ፊት።

እንግዲህ በገዛ ልጁ ሞተር ላይ ያለ ሪሌ ክላክስ የገጠመው ይኸው ሰው ነው።

ልጁ አዋላጅ ነርስ ነች፤ በሁለት ጤና ጣቢያዎች መካከል በሞተር ትመላለሳለች። አንድ ቀን አሸዋ የጫነ መኪና መስመር ሲቀይር ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ሊያጣብቃት ምንም አልቀረውም። ክላክሷን ብትጫን፣ ብትጫን ሹፌሩ መኖሯንም አላወቀም። ስፖኪዮዋ ተሰብሮ፣ ጉልበቷ ተልጦ ቤት ገባችና ሳቀች። «አባዬ፣ የኔ ክላክስ እኮ የጫጩት ነው! ጥፋቱ የኔ ነው ይቅርታ የሚል ነው የሚመስለው።» እሷ ስትስቅ እሱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ የፈታቸውን ሁለት ክላክሶች አወጣና ጠርጎ፣ ዘይት ቀባብቶ መብራቱ ሥር አሰራቸው። ከዚያ የሪሌውን መሳቢያ ሳበ። ባዶ። የመጨረሻዋን ትናንት ለደንበኛ ገጥሟታል። ሱቅ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው፤ ልጁ ሥራ የምትገባው በሁለት። ሄልሜቷን አጥልቃ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

«ለዛሬ ብቻ» አለ በሆዱ፤ ሽቦውንም በድሮው መስመር ላይ ቀጠለው። በዚያ መስመር ላይ ክላክሱና የኋላ የፍሬን መብራቱ አንዲት ፊውዝ ይጋራሉ። ፊውዟ ከተቃጠለች ሁለቱም ይጠፋሉ። ይህን አያውቅም እንዳይባል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰብክ የኖረው ይህንኑ ነው።

ልጁ ክላክሱን ነካ አደረገችው። የማዶው ጎረቤት በጥርስ ብሩሽ የተሞላ አፉን ይዞ በመስኮት ብቅ አለ። እሷ በሳቅ ፈረሰች።

«አጠር አጠር አድርገሽ ንኪው እሺ? ተጭነሽ እንዳትቆዪ» አላት።

«ለምን?»

«ሰው ይደነግጣል።»

ሪሌ አጣሁ ማለት አቃተው። ጋሽ ሪሌ ሪሌ አጣ ሲባል ልጁ እንደምትስቅበት፣ ማታ ደግሞ ለጓደኞቿ እንደምታወራው ታየው፤ እንዲህ ባለች ቅንጣት ነገር አፈረና ዋሸ።

ለዛሬ ብቻ ያለው ነገር ሦስት ሳምንት ሆነው። ሪሌዋን በማግስቱ ገዝቶ ነበር፤ ደንበኛ መጣና ለደንበኛ ገጠማት። ሌላ ገዛ፤ ልጁ ማታ ደክሟት ስትገባ ሞተሩን ለመፍታት ሰነፈ። ክላክሱ ደግሞ እየሠራ ነው። መኪናው ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። «አባዬ፣ ሚኒስትር የሚያልፍ ነው የሚመስላቸው» ትለዋለች፤ እሱም ደረቱን ይነፋል።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን፣ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከቆሙ መኪኖች መሃል ብቅ አለ። ፊቱ ወደ ሌላ ነው። ልጅቷ ይህን ጊዜ አጠር ማድረግ አልቻለችም፤ ተጭና ያዘችው። ክላክሱ መንደሩን አናወጠው፣ ቀለም ቀቢው መሰላሉን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ፣ ተረፈ። እሷም ፍሬን ያዘች። ከኋላዋ የነበረው የዳቦ መኪና ግን መጥቶ ገጫት።

ሹፌሩ ራሱ አንስቶ፣ ከዳቦ ሣጥኖቹ መሃል አስተኝቶ ሐኪም ቤት አደረሳት። የቀኝ ቅልጥሟ ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ለመጣችው የትራፊክ ፖሊስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የፍሬን መብራቷ አልበራም። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምናገረው።» ማን ያምነዋል? የገጨ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሞተሩን ሰዎች ጭነው ወደ ጋሽ ሪሌ ጋራዥ አመጡት። የጭቃ መከላከያው ተጣሟል፣ የኋላ መብራቱ ፕላስቲክ ተሰንጥቋል፣ አምፖሉ ግን ደህና ነው። እሱም ልጁ በሕይወት መኖሯን ሐኪም ቤት አይቶ ተመለሰና የጎን ሽፋኑን ፈታ። ፊውዟ ተቃጥላለች። በብርጭቆዋ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር ተበጥሳ ጠቁራለች። ሹፌሩ እውነቱን ነው።

አዲስ ፊውዝ አስገባ። እጁ ነው ያደረገው፣ የሃያ ዓመት ልማድ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ለራሱ እንደዚያ ብሎታል። ልማድ ግን የተቃጠለ ፊውዝ ቆሻሻ ውስጥ ይጥላል። እሱ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው የደበቃት። ከዚያ በፊት ደግሞ የጋራዡን በር ገርበብ አድርጓል።

በማግስቱ የትራፊክ ፖሊሷ ሹፌሩን አስከትላ መጣች። ፍሬኑን ያዝ ስታደርገው የኋላው መብራት ቦግ አለ። ክላክሱን ስትነካው ደግሞ ደንግጣ እጇን አነሳች። ተጭና ብትቆይ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ፤ አልቆየችም።

«ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ! የማን ሥራ ነው?»

«የኔ።»

«እጅዎ ይባረክ። የሰው ነፍስ ነው ያተረፈው።»

ሹፌሩ አጎንብሶ ቦግ ያለውን መብራት ረጅም ጊዜ አየው። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገና ደግሞ አየው። «ይበራል» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ምስጋናው ወረደ። ቀለም ቀቢው ጋራዥ ድረስ መጥቶ የጋሽ ሪሌን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ልጆቼ ዛሬ አባት አልነበራቸውም!» ሞተረኞቹም ተሰለፉ። «እንደ ልጅህ አድርገህ ግጠምልኝ» ይሉታል፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ይልጣል። ለሁሉም ሪሌ ገጠመ፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ፈተሸ፣ አንድ ቃል ግን አልሰበከም። «ጋሽ ሪሌ፣ ዛሬ ቅዳሴ የለም እንዴ?» ብለው ሳቁበት።

ሐኪም ቤት የባሰ ነው። ልጁ ለአልጋ ጎረቤቶቿ ሁሉ «አባቴ ነው የገጠመልኝ» እያለች ታወራለች፤ ሰዎቹ እሱ ሲገባ ቀና ብለው ይነሡለታል። አንድ ቀን ብርቱካን ሲልጥላት፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ክላክሱ መሃል ላይ ዝም ያለብኝ መሰለኝ። ሊሆን ይችላል?»

«ጣትሽ ተንሸራቶ ይሆናላ» አላት፤ ዓይኑን ከብርቱካኑ ሳያነሳ።

ልጅቷ አውራ ጣቷን አገላብጣ አየችው። «አይ ጣት! በደህና ጊዜ እናቶችን ሳዋልድ እንደዚያ ጠንካራ፣ በክፉ ቀን እንዲህ ይከዳል?» ብላ ራሷ ላይ ተናደደች። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር በዚያች ጣት ስትቀልድና ስትበሳጭ ሰማት። ብርቱካኑን ላጠላት።

በሁለተኛው ሳምንት ሹፌሩ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሊጠይቃት መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ዓይኔ ነው የከዳኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስነዳ ሰው ገጭቼ አላውቅም። መብራትሽ አልበራም ብዬ ተከራከርኩ፤ ቦግ ብሎ ሳየው ግን ምን ልበል? ሐሙስ ጥፋቴን አምኜ እፈርማለሁ። መንጃ ፈቃዴንም እመልሳለሁ።»

«አይ አባባ፣ መንጃ ፈቃዱን ለምን?» አለች ልጅቷ።

«የበራውን መብራት ጠፍቶ ያሳየኝ ዓይን ነገ መንገድ ላይ ያለ ሕፃን ቢደብቅብኝስ? በዚህ ዓይን አልነዳም። ቤትም ውስጥ ባለቤቴ እጄን ይዛ ደረጃ ማውረድ ጀምራለች።» ይህን ብሎ ወደ ጋሽ ሪሌ ዞረ። «እርስዎንም ይቅርታ። አባት ነኝ፣ ይገባኛል።» እጁን ዘረጋ።

ጋሽ ሪሌ ጨበጠው። ፊውዟ በደረት ኪሱ ውስጥ አለች፤ ሸሚዝ በቀየረ ቁጥር አብሮ ያዛውራታል፣ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ያን ጊዜ አፈረ። ቀድሞም ሲያፍር ከርሟል፤ የቀድሞው ግን ሰው ያውቅብኛል የሚል እፍረት ነበር። ይህኛው ማንም ባያውቅ የማይቀር እፍረት ነው። ጤነኛ ዓይን ያለውን ሰው ዕውር ነህ ብሎ አሳምኗል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን የሐኪም ቤት ሲሚንቶ ናትና አልተከፈተችም።

ሐሙስ በትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ወጥቷል። ሞተሩ አጠገቡ ቆሟል። ልጅቷ በክራንች ተደግፋለች። ቀለም ቀቢው ለምስክርነት መጥቷል፣ ሌላም ወረቀት ሊያስፈርም የመጣ ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ሹፌሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ቆይ!» አለ ጋሽ ሪሌ። ድምፁ የጫጩት ሆነበት። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «ቆይ። አትፈርም።»

ሁሉም ዞሩ። ፖሊሷን ከሞተሩ ኋላ አቆማትና ፍሬኑን ያዘ። «በርቷል?» «በርቷል» አለች። «እንግዲህ ዓይንሽን ከሱ አትንቀዪ» አለና የክላክሱን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ።

ክላክሱ ጮኸ። ግቢው በሙሉ ጆሮውን ያዘ፣ መስኮቶች ተከፈቱ፣ ሰው ከውጭ ሮጦ ገባ። አልለቀቀም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ በሆዱ ሲቆጥር ክላክሱ በድንገት ቀጥ አለ። መብራቱም አብሮት ጠፋ። ፍሬኑን ደግሞ ያዘ። ጨለማ ነው።

«ሪሌ አልገጠምኩለትም» አለ፤ ፀጥታው ውስጥ ድምፁ ከክላክሱ ይልቅ ለራሱ ጮኸበት። «ፊውዟ ተቃጥላ ነው መብራቱ የጠፋው። ያን ዕለትም ጠፍቷል። እኔ ነኝ ደብቄ የቀየርኳት።» ያን ዕለት የተቃጠለችውን ፊውዝ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ያልተፈረመው ወረቀት ላይ አስቀመጣት።

ሹፌሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ መጣና ከሞተሩ ኋላ ቁጢጥ አለ።

«ድገምልኝ» አለ።

«ሌላ ፊውዝ...»

«አስገባና ድገምልኝ።»

አስገባ። ሁለት ጊዜ ወደቀችበት። እንደገና ተጫነ፤ እንደገና ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ሰው። መብራቱ ሲጠፋ ሹፌሩ ከአንድ ክንድ ርቀት አየው። መነጽሩን አልጠረገም።

«አየሁት» አለ። «ጠፋ። አየሁት!» ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነሥቶ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በጋሽ ሪሌ ፊት ዓይኑን ሳያሳርፍበት አለፈ። በቡጢ ቢለው ይሻል ነበር።

ልጅቷ በክራንቿ ቀስ እያለች ተጠጋች። እሱ ስለ ቅልጥሟ፣ ስለ ሪሌው የምትናገር መስሎት አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አውራ ጣቷን ነበር የምታየው።

«አልተንሸራተተም ማለት ነው» አለች።

«ልጄ...»

«ሪሌው ይሁን አባዬ። ጠዋት ነበር፣ ሱቅ ዝግ ነበር፣ እኔም ቸኩያለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቴን ስረግም አጠገቤ ቁጭ ብለህ ብርቱካን ትልጥልኝ ነበር።»

ሊደግፋት ክንዱን ዘረጋ፤ እሷ ክራንቿን አስተካክላ ግቢው ውስጥ ወደቆመው የዳቦ መኪና ሄደች። ሹፌሩ በሩን ከፈተላት፣ ክራንቿንም ተቀበላት።

ፖሊሷ አሮጌውን ወረቀት ቀድዳ አዲስ አወጣች። ጋሽ ሪሌን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። የዳቦው መኪና ተነሥቶ ከግቢው ሲወጣ ይሰማል።

«ክላክሱን የገጠመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሪሌ ነበረው?»

«አልነበረውም» አለ፤ እሷም እንዳለው ጻፈችው።