ባዶ የዋለው ገበያ

የሺዋስ ጎንደር ከተማ የሚያስተምረውም የሚመራመረውም ስለ ጦርነት ነው። ጦርነት አንድ ሰው ተነስቶ የሚለኩሰው ሳይሆን ትንንሽ ነገሮች ተያይዘው ድንገት የሚወልዱት ነው ይላል፤ የተዘጋ መንገድ፣ የተወደደ እህል፣ ካፍ ወደ አፍ የሚሄድ ወሬ። ይህንኑ በኮምፒውተር ቀምሮ፣ እስከ አዲ አርቃይ ያለውን ገበያ ሁሉ በነጥብ አስቀምጦታል። አካባቢው ሊደፈርስ ሲል ነጥቡ ቀይ ይሆናል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ብቻውን ይኖራል። ታላቅ እህቱ ሥርጉት ለጥምቀት ከአዲ አርቃይ እመጣለሁ ስላለችው አልጋ ገዝቶ፣ አንሶላ አንጥፎ ይጠብቃታል።

በዓሉ ሲቃረብ የአዲ አርቃይ ነጥብ ቀላ። ደወለላት።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ገበያ አትውጪ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ምነው? ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁ። ሒሳቡ ደስ አላለኝም።»

ሥርጉት ግን ብቻዋን ገበያ ወጥታ አታውቅም፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ አህያውን አብሮ ነድቶ ነው የሚሄደው። ጎረቤቷ እናኑ ካጥር ውጭ ቆማ ስትጣራ፣ እሷን ልካ እንዴት ትቅር? ነገረቻት። እናኑም ለእህቶቿ ነገረች፤ እነሱም ለየጎረቤታቸው።

ገበያው ባዶ ዋለ። ባዶውን ያዩ ሾፌሮች መኪናቸውን አዙረው ተመለሱ። መኪና ሲጠፋ ሚሊሻዎቹ «ነገር ቢኖር ነው» ብለው መንገዱን ዘጉ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

ሰኞ ባልደረባው ቻላቸው ቢሮው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አንተ ጠንቋይ! መንገዱ ተዘጋ፤ ነጥብህ ልክ ነበረች እኮ! ከእንግዲህ ገበያ የምወጣው አንተን አስፈቅጄ ነው።»

የሺዋስ መሳቅ አቃተው። ሥርጉት የሆነውን ሁሉ በስልክ ነግራዋለች። በቀመሩ ውስጥ ስንት አፍ አስገብቶ ነበር፤ የራሱን ግን ረስቷል።

በከተራው ዕለት ታቦት የሚያጅበው ሕዝብ በደጁ ሲያልፍ ስልኩ ጠራ።

«የኔ ሸጋ፣ መኪና እንደሆነ የለም። አብረውኝ የሚመጡት ጎረቤቶች፣ ለነገ ባንደርስም የሊማሊሞን ዳገት በእግር ወጥተን ከደባርቅ እንሳፈር ይላሉ። ሁሉም ያንተን ቃል ነው የሚጠብቁት። እንምጣ?»

ነጥቡ እንደቀላ ነው። ኑ ቢል ናፍቆቱ ይሁን ዕውቀቱ የተናገረው፣ እሱም አያውቀው። ቅሩ ቢል ደግሞ መንገዱን ዳግመኛ መዝጋቱ ነው።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። እዚያ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።»

ከበሮው እየራቀ ሄደ። ከወዲያ ማዶ፣ ከስልኩ ፊቷን አዙራ ስትናገር ሰማት፦

«አልመልስ አለኝ። ክፉ ነገር ቢታየው ነው። በሉ፣ ወደየቤታችን።»

«እትዬ! እንዲያ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። መስመሩ ተቋርጧል። ደግሞ ደወለ፤ አይጠራም። ስልኩን እንደያዘ በተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።