ሳያልቅ ይፍጠኑ

አቶ ይሻው ሣጥን ይሠራሉ። የልብስ ሣጥን አይደለም። ከሆስፒታሉ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለው በራቸው ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ ይከፈታል። ሙሉውን ቢከፍቱት መንገደኛው ሳይፈልግ ያያል፤ ያየም ያማትባል፤ ያማተበም ቀኑን ሙሉ ሆዱ ሲባባ ይውላል። ግማሽ በር ለሁሉም ይሻላል።

ጎረቤታቸው ሐሰን ጨርቅ ሻጭ ነው። እሱ በሩን ሙሉ ከፍቶ ደጃፉ ላይ ይቆማል። «እትዬ፣ ይምጡ እስኪ ይቺን ይዩልኝ! ለእርስዎ ተብላ የመጣች ናት!» ይላል። ያለፈችውን ይጠራል፤ አይታ የሄደችውን ስሟን ጠርቶ ይመልሳል። አቶ ይሻው ይህን እየሰሙ ነው ያረጁት። እሳቸው ማንን ይጥሩ? ወደሳቸው የሚመጣው ባለሐዘኑ እንኳ አይደለም፤ ዕድሩ የላከው ጎረቤት ነው። ይገባል፤ አይቀመጥም፤ ዋጋ አይከራከርም፤ የሟቹን ቁመት ከራሱ ትከሻ ጋር አስተያይቶ ይናገራል፤ አሸክሞ ይወጣል። እንኳን ደህና መጣህ አይባል፤ እንደገና ና አይባል። አቶ ይሻው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ በሐሰን ላይ በምን እንደሚቀኑ የምታውቀው ልጃቸው መስከረም ብቻ ነበረች።

መስከረም እዚያው ከተማው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃለች። ሥራ ስትጠብቅ ለአባቷ የኢንተርኔት ሱቅ ከፈተችላቸው። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከአንበሳሜ ወይም ከእብናት ለሣጥን የሚመጣ ሰው መኪና ለምኖ፣ መንገዱ መከፈቱን ጠይቆ፣ ደርሶ ቁመቱ አልገጥም ሲለው በሐዘን ላይ ሐዘን ነው። በስልክ መርጦ ቢያዝ፣ ሣጥኑ በሚያልፈው መኪና ቢደርሰው ምን አለበት?

ችግሩ ገጹን የሠራችው ለጫማ ሱቅ ከተዘጋጀ ንድፍ ላይ መሆኑ ነው። ሐሰን አንድ ቀን በስልኩ ከፍቶ አነበበው።

«ይሻው!» አለ በግማሹ በር አንገቱን አስግጎ፤ «‹እንደገና ይምጡ› ብለህ ጽፈሃል?»

«ልጅቱ ናት።»

«ማነው እንደገና የሚመጣ? ይኸው ደግሞ ‹ከወደዱት ለወዳጅዎ ያጋሩ› ይላል። ይኼ ኮከቡስ? ‹የተጠቀሙበት ሰዎች አስተያየት›… ወላሂ፣ አንድ ሰው አስተያየት ከሰጠህ ሱቁን ዘግተህ ጥፋ!»

መስከረም በዚያው ቀን ኮከቡንም፣ ግብዣውንም አነሳች። ገጹ ግን ያው ሆነ፤ ሰው ይገባል፣ ይመለከታል፣ ይወጣል። ከንድፉ ጋር የመጣ ሌላም መሣሪያ ነበር፤ ዕቃ መርጦ ቅርጫት ውስጥ ካስገባ በኋላ ሳይገዛ ለወጣ ሰው በስልኩ ማስታወሻ ይልካል። እንዲያው በጨዋታ መካከል ለአባቷ ነገረቻቸው። መጋዙን አስቀመጡ።

«የሄደውን ይጠራል ነው የምትይኝ?»

«ይጠራል። ግን አባዬ፣ ለኛ ዕቃ አይሆንም። ይተዉት።»

«ሐሰን ሲጠራ ኖረ። እኔ አንድ ቀን ልጥራ እንጂ።» ይህን ሲሉ አልሳቁም። መስከረምም ዓይናቸውን አይታ እምቢ ማለት አቃታት። ቃሉን ግን እቀይረዋለሁ ብላ ነበር። መሣሪያውን እንደከፈተችው መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ረስታዋለች።

መሣሪያው አልረሳም። ከተከፈተባት ደቂቃ ጀምሮ ወደኋላ ተመልሶ፣ በቅርጫት ውስጥ የቀረውን ሁሉ እያስታወሰ ባለቤቱን ጠራ።

እትዬ እቴነሽን በዚያ ሰፈር የማያውቅ የለም። የዕድሩ የወጥ ቤት አለቃ ናቸው፤ በሳቸው እጅ ያልበላ ለቀስተኛ የለም። ከፋሲካ በፊት ክፉኛ ታመው፣ የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ተጠርተው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ጠየቁ፤ በሚቀጥለው ቀን ሾርባ፤ በሦስተኛው ቀን ሽንኩርቱን ማን እንዲህ አወፍሮ እንደከተፈው ጠየቁና ሰው ሁሉ ዳኑ አለ። መልእክቱ የደረሳቸው ከማኅበር ሴቶች ጋር ተቀምጠው ነው። ጽሑፉ ደቀቀባቸውና ስልኩን ለጎረቤታቸው ለዘነበች ሰጧት። ዘነበች ደግሞ ስታነብ ድምጿን ዝቅ ማድረግ አታውቅም።

«‹ውድ እቴነሽ፣ የመረጡት ዕቃ አሁንም እየጠበቀዎት ነው። ሳያልቅ ይፍጠኑ›» ብላ ከታች ያለውን ሥዕል ስታይ ስልኩን እንደ ትኩስ ፍም ጣለችው።

ወሬው ከሴቶቹ በፊት ገበያ ደረሰ። ይሻው ሰው ሳይሞት መጥራት ጀመረ ተባለ። ሐሰን የሰማውን ሊነግራቸው መጣና በሩ ላይ ቆመ፤ መራራነቱን ለማለዘብ ይመስላል፣ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አንተ ጌታዬ ሁለቱም አግኝቶሃል» አለ። አቶ ይሻው መላጣ ራሳቸውን ዳሰሱ። ሐሰንም ቀልዱ የት እንደወደቀ አይቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ያን ቀን ማንንም አልጠራም።

ማምሻውን የዕድሩ ዳኛ አቶ ቢያድግልኝ መጡ። ቁመው ተናገሩ። «ነገ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን። እቴነሽ ይቅር ካለች ይቅር። ካላለች ዕድሩ ሌላ ሣጥን ሠሪ ይፈልጋል። ሟርተኛ ደጅ ሰው አንልክም።»

እሳቸው ሲወጡ መስከረም ኮምፒውተሯን ከፈተች። ትእዛዙ የተጀመረው ከእትዬ እቴነሽ ከራሳቸው ስልክ ነው። ቀኑ የታመሙበት ቀን ነው። ገጹ ‹ለማን ነው?› ብሎ ለሚጠይቀው ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፏል። የተመረጠው ወይን ጠጅ ከፋይ የለበሰው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ነው። በጭንቅ ላይ የነበሩ ሴትዮ ይህን ሊያደርጉ አይችሉም።

ያደረገው በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ሳለች፣ ራሱ መጣ። ማሩ የእትዬ እቴነሽ አንድያ ልጅ ነው፤ አንበሳሜ ያስተምራል። በግማሹ በር አልገባም፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መንገዱን እያየ ተናገረ።

«ብቻዬን ነበርኩ። ሰው ብልክ እናቴ ሞተች ብዬ ማወጄ ነው። የኔ ስልክ ቻርጅ አልነበረውም፤ የሷን አነሣሁ። ስም ሲጠይቀኝ ስሟን ጻፍኩ። ከዚያ ‹ማሩዬ፣ ውሃ› አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሣጥን ስመርጥ እንደነበር ካወቀች ምን ፊት አለኝ? አትናገሪ፣ መስከረም። በእግዜር።»

መስከረም ከተናገረች የአባቷ ሱቅ ይተርፋል፤ ዝም ካለች ይህ ሰው ከናቱ ጋር ይተርፋል። ሁለቱን የሚያተርፍ መንገድ ፈለገች፤ አላገኘችም።

እትዬ እቴነሽ ጋቢ ደርበው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሽማግሌዎቹን፣ አቶ ይሻውንና መስከረምን ጠበቁ። ከሲታ ሆነዋል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ድስት ከፍቶ የሚያይ ዓይን ነው። ማሩ መዝጊያው ጋ ቆሟል። አቶ ቢያድግልኝ ስለ ይቅርታ ከአዳም ጀመሩ። ኖኅ ጋ ሳይደርሱ እትዬ እቴነሽ እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታው አይጠፋም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ስሜን ማን ጻፈው?»

አቶ ይሻው ልጃቸውን አዩ። ማሩ መሬት አየ።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው፣ እትዬ» አለች መስከረም። ድምጿ ከገመተችው በላይ ጎላ። «የሌላ ሰው ትእዛዝ ከእርስዎ ስልክ ጋር ቀላቀለው። የሠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ የለበትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ እቴነሽ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ማሽን እናት የለውም» አሉ በመጨረሻ፤ «አይፈረድበትም። ይሻው፣ ተነሥ፤ አትጎንበስብኝ። ይቅር ብያለሁ። ቢያድግልኝ፣ ዕድሩም ከደጁ አይራቅ። አሁን ሂዱ ቅመሱ፤ ዘነበች ሠርታለች፤ ብትችሉ ደግሞ የጨው ነገር አታንሡባት። ልጅቱ ትቆይ፤ ክንዴን ትደግፈኝ።»

ሰዎቹ ወደ ጓዳው በኩል ሲያልፉ፣ ማሩም እጅ ሊያስታጥብ ሲከተላቸው፣ እትዬ እቴነሽ ስልኩን ከትራሳቸው ሥር አወጡ።

«እስኪ ክፈቺልኝ ሱቅሽን።»

«እትዬ፣ ግድ የለም…»

«ክፈቺ።»

ከፈተችላቸው። ስልኩን አንዴ አርቀው፣ አንዴ አቅርበው አዩ። «ይኼ ነው የተጻፈልኝ? ዘርፍ የተንጠለጠለበት? የሙሽራ መኪና ይመስላል።» ወደ ጓዳው ተመለከቱ። «ደግ ልጅ ነው። ለኔ ሲሆን ደመወዙን አይቆጥርም።»

መስከረም አንገቷን ደፋች።

«ዝም አልሽ። ጥሩ፤ የይሻው ልጅ ነሽ። ያን ቀን ዓይኔ ተከድኖ ነበር እንጂ ጆሮዬ አልተከደነም። ስልኬ ሲነካ ድምፅ አለው። የሱን ትንፋሽም አውቀዋለሁ፤ እያለቀሰ ነበር።» ጣታቸውን የስልኩ መስተዋት ላይ አሳርፈው ወደ ታች ገፉት። «እዚህ ታች ያለው ነጩ ምንድን ነው?»

«አቡጀዲ የለበሰ ነው። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ሌላ ጌጥ የለውም፤ መስቀል ብቻ።»

«እሱን። ያዢልኝ። እኔ በነጭ ነው የኖርኩት። ለማሩ እኔ እያለሁ እንዳትነግሪው፤ ማወቄን ካወቀ ዓይኔን ማየት ይተዋል።» ስልኩን መለሱላት። «ደግሞ ጽሑፍሽ ደቃቃ ነው። ሥዕሉም ጨልሟል። ለዚህ ነገር የሚመጣ ሰው ዓይኑ በእንባ ነው፤ ምን ብሎ ይይልሽ?»

ከዚያ በኋላ መስከረም ገጹን ማሻሻል ሳይሆን ማራገፍ ጀመረች። ቅርጫቱን አወጣች። ማስታወሻውን አጠፋች። የሰው ስም መጠየቁን ተወች፤ ቁመትና አገር ብቻ። ሣጥኖቹን እያንዳንዳቸውን ጓሮ አውጥታ በቀን ብርሃን ፎቶ አነሳቻቸው። ፊደሉን አሳደገችው። ‹እግዚአብሔር ያጥናችሁ› የሚል ልትጽፍ አሰበችና፣ ገና ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ሊያነበው ይችላል ብላ ያንንም ሰረዘችው።

አቶ ይሻው መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ምንም አልቀረም እኮ።»

«ስልክዎ ቀርቷል።»

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ መጮህ ያዘ። ከእብናት አንድ ሽማግሌ ደውለው፣ ሁለተኛውን ብለው፣ ቁመቱን ተናግረው ዘጉ። እንደዚያ ነው የሚፈለገው። መስከረም ያን የመጥሪያ መሣሪያ በሌላ ቃል ልትመልሰው ትችል እንደሆነ አባቷን ጠየቀቻቸው፤ ቅር እንዳይላቸው።

«ተይው» አሉ። «አንድ ጊዜ ጠራሁ። ሰማሁት ድምፄን።»

እትዬ እቴነሽ ክረምቱ ሲገባ አረፉ፤ የጉና ተራራ ጉም ለብሶ፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ሳያባራ። የመጣው ጎረቤት በግማሹ በር ገብቶ ቁመቱን ተናገረ። «ማሩ ‹እነሱ ያውቃሉ› ብሏል» ሲል ጨመረ፤ ምን ማለት እንደሆነ እሱም አላወቀ። አቶ ይሻው ወደ ባለ ዘርፉ ሄዱ።

«ነጩን» አለች መስከረም።

ዘወር ብለው አዩዋት። ለምን ብለው ሊጠይቁ አፋቸው ተንቀሳቅሶ ነበር። ከዚያ የሥራቸው ልማድ መለሳቸውና ነጩን አነሡ።

ለቅሶ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ሣጥኑ ሲገባ ማሩ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ተለወጠ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‹እኔ ያልኩት ይኼ አይደለም› ማለት አይችልም፤ መቼ አልክ ይባላል። እየተጋፋ ወደ መስከረም መጣ።

«ይኼን ማን መረጠው?» አለ በሹክሹክታ።

መስከረም በዓይኑ ውስጥ ቁጣው እንዳለ አየች፤ ከቁጣው በታች ያለውንም አየች። እትዬ እቴነሽ ‹እኔ እያለሁ› ብለው የሰጧት አደራ ዛሬ እንደተፈታ አሰበች። ግን በለቅሶ መካከል ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው» አለች።

ማሩ አፍጥጦ ቆመ። ዝናቡ ሸራውን ይመታል። ከንፈሩ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ምናልባት ያን የጭንቅ ቀን፣ ያን የውሃ ጥያቄ፣ ከዚያ ወዲያ እናቱ ዓይን ዓይኑን እያዩ ያጎረሱትን ምሳ ሁሉ ወደኋላ እየቆጠረ ነበር።

«ታውቅ ነበር?» አለ።

መስከረም ራሷን ወደ ነጩ ሣጥን ዘንበል አደረገች።

ካህናቱ ሲነሡ አቶ ቢያድግልኝ ባለሐዘን አይሸከምም ብለው ሊከለክሉት እጃቸውን ዘረጉ። ማሩ እጃቸውን አልፎ ሄደና፣ በፊት በኩል፣ በራስጌው ትከሻውን ከሣጥኑ ሥር አስገባ።