ሁለት በር ያለው ጠረጴዛ

አጎቴ ወልደየሱስና ኑረዲን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንጨት ሲሠሩ ኖረዋል። ሱቃቸው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት መኪና በማያስተላልፍ መንገድ ዳር ነው። አጎቴ ከደሴ የመጡ አናጢ ናቸው። ኑረዲን እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ እናታቸው የድሬዳዋ ሰው ስለነበሩ አማርኛን ከአጎቴ ይልቅ አፍጥነው ይናገራሉ። የሱቁ ፈቃድ በኑረዲን ስም ነው። ኑረዲን ከሄዱ አጎቴ ጓዛቸውን ጠቅልለው ደሴ መግባት አለባቸው። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሳጣ እሳቸው ጋ ስለመጣሁ፣ እኔም አብሬ እመለሳለሁ።

የሱቁ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት ውስጡ አይሠራም። ጠዋት ጥላው በሱቁ ደጃፍ ስለሚሆን ጠረጴዛውን እዚያ እናወጣለን። ወደ ስድስት ሰዓት ጥላው ሲያልቅ ጠረጴዛውን አንሥተን መንገዱን እናሻግርና ልብስ ሰፊዋ ሳፊያ ደጃፍ እናስቀምጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው እዚያ ነው። ሲመሽ ወደ ሱቁ እናስገባዋለን። ሁለቱ ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያነሡ እንኳን መነጋገር መተያየትም አያስፈልጋቸውም ነበር።

የተጣሉት በመሮ ነው። የኑረዲን ሰፊ መሮ አንድ ቀን ጠዋት ስለቱ ተሸርፎ፣ ጎኑ ላይ ቫርኒሽ ደርቆበት ጠረጴዛው ላይ ተገኘ። ኑረዲን በመሮ የቫርኒሽ ጣሳ የሚከፍት ሰው አናጢ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ አልተናገሩም። ሱቁ ውስጥ ያለነው ግን ሦስት ሰዎች ነን፣ እኔ ደግሞ ያን ሳምንት አሊ ሳቢየህ ከተማ በር ልገጥም ሄጄ ነበር። አጎቴ አላየሁም አሉ። ከዚያ ወዲያ በእኔ በኩል ካልሆነ አይነጋገሩም። ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ የፈለገው "ለሰውየው ንገረው" ይለኛል፤ ሰውየው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ቆሟል። እኔም እነግራለሁ።

በሐምሌ መጀመሪያ ኑረዲን ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር የቤት ዕቃ የሚሸጥ ዘመዳቸው አብረን እንሥራ እንዳላቸው፣ መሣሪያቸው የሚቆለፍበት ቦታ ካላገኙ እንደሚሄዱ በእኔ በኩል አስታወቁ። አጎቴም የእሳቸው መሣሪያ እንዲቆለፍ እንደሚፈልጉ በእኔ በኩል መለሱ። ስለዚህ በጠረጴዛው እግሮች መካከል የመሣሪያ ሳጥን እንድሠራ ታዘዝኩ። መሃሉ በሳንቃ ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን የአንዱ በር፣ በሌላው ወገን የሌላው በር፣ ሁለት ጓጉንቸር።

ሳንቃውን ያገኘሁት ወደብ አካባቢ ከሚሸጠው የማሽን ማሸጊያ እንጨት ነው። ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ሌባ በቀላሉ አይሰብረውም። ሁለቱን ወገን በሚሊሜትር እኩል አደረግሁ። ማጠፊያዎቹን ከአንድ ካርቶን፣ ብሎኖቹን ከአንድ ከረጢት ወሰድኩ። ኑረዲን ለሶላት ሲሄዱ አጎቴ ሜትራቸውን አውጥተው የኑረዲንን ወገን ለኩ። አጎቴ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ኑረዲን የአጎቴን ወገን ለኩ። ሁለቱም የሌላው በአንድ ጣት እንደሚሰፋ ነገሩኝ። እንደገና ለክቼ እኩል ነው ብላቸው ሁለቱም ቅር አላቸው።

ሳጥኑ ባለቀ ማግስት፣ ጠረጴዛው ደጃፍ ከወጣ በኋላ፣ መላጊያ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ የብረት ማሰሪያ፣ ያለውን ሁሉ ጨምረው ቆለፉ። ቁልፎቹ ኪስ ገቡ። ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጥላው ከግድግዳው ሥር እንደ ቀበቶ ቀጥኖ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች እንደ ወትሮው ጫፍና ጫፉን ይዘው ጎንበስ አሉ። ጠረጴዛው ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

"ለሰውየው ንገረው፣ ያንሣ" አሉ አጎቴ።

ኑረዲን እያነሡ መሆናቸውን እንድነግርላቸው ጠየቁኝ። እኔም መሃሉን ይዤ ሞከርኩ፤ አንዱ እግር ከፍ ብሎ ተመልሶ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ሁሉን ስለካ ክብደቱን አለመለካቴን የተረዳሁት። ጎማ ልግጠምለት አልኩ። ጎማ ያለው ጠረጴዛ ከመላጊያ ይሸሻል ብለው ሁለቱም እኩል መለሱልኝ፤ ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው። ዕቃው ይውጣና እናንሣው ስል ግን ሁለቱም ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ቀድሞ በሩን የከፈተ ሰው የተሸነፈ ይሆናል።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፣ ነፋሱም አሸዋ ይዞ ይመጣል። የኑረዲን ጫት የሚደርስበት ሰዓት ነው፤ እሳቸው ግን ከቦታቸው አልሄዱም። ሳፊያ ከማዶ ከሲንጀሯ ቀና ብላ፣ ከእኛ በለቀመችው አማርኛ፣ ጠረጴዛው ሥር ሰደደ ወይ ብላ ጠየቀች።

"ለሰውየው ንገረው" አሉ ኑረዲን። "እኔ ነገ ባልባላ ነኝ።"

ይህን አልተናገርኩም። የተላክሁትን ሳላደርስ የቀረሁበት ብቸኛው ቀን ነው። አጎቴ ግን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስለነበሩ ሰምተዋል። ዘወር ብለው ጫፋቸውን ያዙና ብቻቸውን ለማንሣት ሞከሩ። ፊታቸው ጠቆረ። አጎቴ ድሮ ከአንድ ፎቅ ቁም ሳጥን ሲያወርዱ ወገባቸውን ተጎድተዋል፤ የላይኛውን ጫፍ ይዘው የነበሩት ኑረዲን ናቸው።

"ወልዴ፣ ወገብህን" አሉ ኑረዲን።

እኔን አልተመለከቱም። አጎቴ ቀና ብለው ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

"ወገቤን ተወውና በርህን ክፈት።"

"አንተስ?"

"እከፍታለሁ።"

እኩል ከፈቱ። ሳፊያ ቁራጭ ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጋችልንና የሁለቱም መሣሪያ እዚያ ላይ በአንድ ተከመረ። የተሸረፈው መሮ ክምሩ አናት ላይ ሆነ፤ አጎቴ አንሥተው አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። ባዶው ጠረጴዛም ከባድ ስለነበር "ያዝ"፣ "ቀስ"፣ "ወደ አንተ" እየተባባሉ አሻገርነው። ዕቃው ሲመለስ ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል ሁሉም በቀረበው በር ገባ፤ የማን በየት እንደገባ ያጣራ አልነበረም። ማታም እንዲሁ ማውጣትና መመለስ ነበረብን፤ በማግስቱም። ሳምንቱ ሳያልቅ መቆለፍ ቀረ። አንዱን ጓጉንቸር ሳፊያ ለሱቋ ወሰደችው።

ኑረዲን ባልባላ አልሄዱም፤ እሄዳለሁም እቀራለሁም አላሉም። አንድ ጠዋት መሮአቸውን ሲያወጡ ሽራፊው ጠፍቷል። ስለቱ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ተስሏል፣ ቫርኒሹም ተፍቋል። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሞከሩት።

"አሳጥረኸዋል" አሉ።

"ሽራፊው ጠልቆ ገብቶ ነበር" አሉ አጎቴ፣ ከሚልጉት እንጨት ቀና ሳይሉ።

ኑረዲን ቁራጭ ጥድ አንሥተው ዳሩን በመሮው ገፉት። ቀጭን ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ። ሌላም ደገሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያ የባልባላ ዘመዳቸው ሲመጣ፣ የሉም ብዬ እንድነግረው አዘዙኝ።

ሳጥኑ የከበደው በእኔ ጥፋት ስለነበር በቀጭን ሳንቃ ቀለል ያለ ሳጥን ልሥራላችሁ ብዬ ነበር። ሁለቱ እኔ ፊት ተመካከሩና አያስፈልግም አሉኝ።