ሊወለድ ሰባት ዓመት የቀረው ያፌት

የዘጠኝ ወሩ ያፌት ከእናቱ ጀርባ ላይ የጠፋው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ነው። አልወደቀም፤ የሰረቀውም የለም። ገና አልተወለደም።

ክትትል ነበር የመጡት። ልጁን ምንም አላመመውም፤ እድገቱ ሊታይ ብቻ ነው። ግን ጤነኛ ልጅም ቢሆን ለጤና መድኑ ኮድ ይሞላለታል፣ ኮዱ ደግሞ የሚወጣው ከትውልድ ቀኑ ነው። ቅጹን የሞላችው እህቱ በፀሎት ናት። አምና ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ላብ ያጠምቃት ነበር። ዘንድሮ ግን የኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ መቀየር ሰሌዳ ላይ ሠርታ አሳይታ፣ ተጨብጭቦላታል። ስለዚህ ሐምሌ 2016 የተወለደውን ወንድሟን ሐምሌ 2024 ብላ ጻፈችው።

የካርድ ክፍሉ አቶ ጌጡ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ይተዋት እሷን» አለች እናቷ ውዴ እየሳቀች። «ቤትም እኔን ስታርም ነው የምትውለው።»

አቶ ጌጡ ማህተሙን መቱ። ማዘያው ውዴ ጀርባ ላይ ባዶውን ላላ አለ።

«ኮድ የለውም» አሉ ቅጹን እያዩ። «ሊወለድ ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ይቀረዋል።»

«ጋሼ፣ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት! ልሰርዘው፣ በናትዎ!»

«ይቻላል። ለማስተካከል ግን ልጁ መቅረብ አለበት።»

«አሁን እኮ እዚህ ነበር!»

«አይቼዋለሁ፣ ሲያምር። አሁን ግን የለም።»

ውዴ ማዘያውን ፈታ በአራት አጣጠፈችው።

«የሚጠባበት ሰዓት ደርሷል» አለች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል።

በፀሎት እናቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። አምና ቢሆን «እኔ አላውቅም፣ እርስዎ ይሙሉት» ብላ እስክሪብቶውን ትመልስ ነበር። ያቺ ፈሪ ልጅ ናፈቀቻት።

«ቀጣይ!» አሉ አቶ ጌጡ።

በፀሎት ወንድሟን ፍለጋ ሮጣ መመዘኛ ክፍሉን ከፈተችው። የሕፃናት ሚዛኑ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ ማንም የለበትም። ቀስቱ ስምንት ኪሎ ላይ ቆሟል።

«አትንኪው» አለች ነርሷ እየጻፈች። «ገና ነው።»

የሚዛኑ ጨርቅ ላይ ያሉት ሁለቱ የእግር ማስገቢያዎች ክብ ሆነው ተነፍተዋል። ተራ በተራ ይወራጫሉ።