መደበኛ የተባለው ዝናብ

በአየር ትንበያ ቢሮ ውስጥ «እመት ደመና» ነው የሚሏት። ስትናደድ ፊቷ ቶሎ ይጠቁራል። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ ከሩቅ ያያት ሁሉ መንገድ ይለቅላት ነበር።

ያናደደቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ ሸለቆው ውስጥ፣ ከግድቡ በታች በቆሎ ታመርታለች። በማለዳ ደወለችና ደህና አደርሽ እንኳ ሳትል፣ «መደበኛ ይዘንባል ብለሽ በሬዲዮ ተናገርሽ፤ አንቺን አምኜ ዘራሁ። ይኸው ጉልበቴ ጋ ሳይደርስ ተጠቅልሎ ቀረ!» አለቻት።

«እታለም፣ መደበኛ ማለት እኮ...»

«መደበኛ ማለት አባታችን እያለ ይዘንብ የነበረው ነዋ! ሌላ መደበኛ አለ እንዴ?»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ መደበኛ አለ። ለቢሮው መደበኛ ማለት የሠላሳ ዓመት አማካይ ነው። አማካዩ በየጊዜው ይታደሳል። ዘንድሮ ሲታደስ የአባቷ ዘመን ደጋግ ዓመታት ወጡና ድርቅ የመታቸው ገቡበት። የዘንድሮው ካፊያ ከአዲሱ አማካይ ጋር ሲተያይ ምንም አይልም፤ ከቀድሞው ጋር ሲተያይ ግን ሲሶው የለም። ቃሉን በሬዲዮ የተናገረችው እሷው ራሷ ናት፤ እህቷ እንዴት እንደምትሰማው ግን አንድም ቀን አላሰበችበትም። ይህ አንገበገባት። የግድቡ በር ደግሞ ለእርሻ የሚከፈተው ቢሮው «ከመደበኛ በታች» ሲል ብቻ ነው።

በቀጥታ ወደ አለቃዋ ክፍል ገባች። ጠና ያሉ፣ ጩኸት የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የዛሬውን ዘገባ መደበኛ ብዬ አላነብም።»

«እኔ መቼ አልኩ? ሰንጠረዡ ነው ያለው።»

«ሰንጠረዡ ድርቁን ለምዶታል። እኛም እንልመደው?»

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁ። «እህትሽ እዚያ እንደምታርስ ሁሉም ያውቃል። ለሷ ብላ ነው ይሉሻል።»

ደሟ ፈላ። «ይበሉኛ! ለሷም ብዬ ነው። ሸለቆው ውስጥ ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት እንዴ?»

«ከሰንጠረዡ ሌላ ካነበብሽ ወንበርሽን እርሺው።»

«ረስቼዋለሁ» አለችና ወጣች።

ስቱዲዮዋ ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም። ቀይዋ መብራት ስትበራ ፈራች። ቢሆንም የተጻፈላትን ወረቀት ገለበጠችው።

«የዘንድሮው ዝናብ በአዲሱ አማካይ ሲለካ መደበኛ ነው» አለች። «አዲሱ አማካይ ግን የድርቅ ዓመታት የበዙበት ነው። ወላጆቻችን ከሚያውቁት ዝናብ ሲሶው ጎድሏል። ማሳችሁን አይታችሁ ዘንድሮ ዝናብ የለም ያላችሁ፣ አልተሳሳታችሁም።»

ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን በካርቶን እየሰበሰበች ሳለ አለቃው ጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ስልክ ድምፁ ተለቆ፣ የግድቡ ኃላፊ ይጮኻል። «ገበሬው ሬዲዮውን ይዞ ደጃችንን ሞልቶታል! ቢሮው ቁርጡን ይንገረን፤ መደበኛ ነው፣ አይደለም?»

አለቃው ሰንጠረዡን አዩ፤ እሷን አዩ።

እሷ አልጠበቀችም። ካርቶኑን መሬት ጣል አድርጋ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች።

«አይደለም!» አለች። «ክፈቱት!»